የይለፉ መነሻ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ገብረ ጻድቅ ብትሉ የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ «ኮምፒውተር የሚሠራው ረጅሙ ልጅ» ካላችሁ ግን ማንም ያሳያችኋል። ልጅ ይባል እንጂ አርባን ተሻግሯል። አላገባም። ካፖርቱ ክረምት ከበጋ አንድ ነው። ሲናገር ዝግ ብሎ ነው፤ ጠይቃችሁት መልሱ እስኪመጣ ድረስ ሻይ አፍልታችሁ ትጠጣላችሁ። እኔ ደግሞ በጠባዬ ቁጡ ነኝ፤ የሱ ዝግታ ስንት ጊዜ ሊያፈነዳኝ እንደ ደረሰ እግዜር ይወቀው። ቢሆንም አብሬያቸው ከሠራኋቸው ሰዎች አንድ ብቻ ምረጪ ብባል እሱን ነው የምመርጠው።

የተወለደው አንኮበር ነው፤ መንገዱ ወደ አሊዩ አምባ ቁልቁል መውረድ ከሚጀምርበት ሰፈር። አባቱ ቄስ ነበሩ። ገና ጥርሱን ሳይነቅል አባትም እናትም በአንድ ክረምት አለፉበትና ከታላቅ እኅቱ ከይመኙሻል ጋር ብቻ ቀረ። እሳቸውም ያኔ ልጃገረድ ነበሩ። ለትዳር የጠየቃቸውን ሰው «ወንድሜን ይዤ ነው የምመጣ» አሉት፤ ሰውየውም በዚያው ቀረ። ልብስ እየሰፉ አሳደጉት። ለአባቱ ወግ ብለው መጀመሪያ ዜማ ቤት አስገቡት፤ ኋላ የማታ ትምህርታቸውን ጨርሰው ደብረ ብርሃን ሥራ ሲያገኙ ወደ ከተማ አመጡትና ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባ። ኮምፒውተር እንዲማር ኮሌጅ የላኩትም እሳቸው ናቸው። እትዬ ነው የሚላቸው።

ከዜማ ቤት ይዞት የወጣው አንድ ነገር አለ፤ ደጋግሞ ስላወራልኝ እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ። አዲስ ተማሪ ከሌላ አገር ሲመጣ የኔታ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስሙን አልነበረም። «ከማን ቀጽለህ መጣህ?» ነበር የሚሉት፤ ከየትኛው መምህር ተምረህ ማለታቸው ነው። ልጁ የአንድ ትልቅ መምህር ስም ይጠራል። የኔታም እስቲ አዚም ይሉታል። አንዳንዴ የጠራው ስም ሌላ፣ ከአፉ የሚወጣው ዜማ ሌላ ይሆናል፤ የተጉለት ዜማና የቤተልሔም ዜማ ለሚያውቅ ጆሮ አንድ አይደሉም። የኔታ ያኔ አይቆጡም። «ስም ከየትም ይመጣል፤ መነሻ ግን አይደበቅም» ይሉና ልጁን አስቀምጠው ከመጀመሪያው ያስጀምሩታል።

እኔና እሱ የምንሠራበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም። የገበሬውን የመሬት ይዞታ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ቢሮ ነው። እኔ ፍቅርተማርያም እባላለሁ፤ የማኅደር ክፍሉን ቁልፍ የምይዘው እኔ ነኝ። የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ይመኙሻል ነበሩ፤ አዎ፣ እኅትየው። ሠላሳ ዓመት ያህል ሲሠሩ ስማቸው በክፉ ተነስቶ አያውቅም። የተጣላ ሰው ቢኖር ሽምግልና የሚቀመጠው እሳቸው ዘንድ ነበር።

ገብረ ጻድቅ ሲቆጣ ያየሁት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በፓስወርድ። እኛ ቢሮ ፓስወርድ ማለት እንደ ጨው ነው፤ ጎረቤት ሲጠይቅ አይከለከልም። አንዷ ልቅሶ ስትሄድ ለሌላዋ ነግራ ነው የምትሄድ። እሱ ይጮኻል፣ እኛ እሺ እንላለን፣ በማግሥቱ ያው ነው። ቃሉን የሰማችው ፋና ብቻ ነበረች። ፋና መረጃ አስገቢ ናት፤ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላት፣ ሲነግሯት የምትሰማ ልጅ። ማንም የማያውቀው ቃል አድርጊ ሲላት አሰበች አሰበችና የክርስትና ስሟን አደረገችው። የክርስትና ስም እኛ ዘንድ ለጸሎት እንጂ ለጥሪ አይወጣም። የሚያውቁት ወላጆቿ፣ የነፍስ አባቷና ክርስትና ያነሷት ናቸው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ፓስወርዱ ቢቀየርም ስሙ ያው የሰው የክርስትና ስም ነው።

ክርስትና ያነሷት ደግሞ ወይዘሮ ይመኙሻል ነበሩ። አድጋ ስትማር ሥራ ያስገቧትም እሳቸው ናቸው።

ነገሩ የመጣው ከጥምቀት በኋላ፣ የበልግ እርሻ ሲጀመር ነው። ቦሰና የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ከአንኮበር አቅጣጫ ዓርብ ጠዋት ደረሱ። የባላቸው ወንድም ታደለ በሬዎቹን ጠምዶ ማሳቸው ውስጥ ገብቷል፤ ምነው ሲሉት «መዝገቡ በስሜ ነው፤ ሄደሽ ጠይቂ» ብሏቸዋል። ሴትዮዋ አላለቀሱም። የይዞታ ደብተራቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና «ይቺ ከሄደች እኔም መሄጃ የለኝም» ብለው ተቀመጡ።

የቢሮው ኃላፊ አቶ ገብረአማኑኤል ኮምፒውተሩን ከፈቱ። እውነትም መሬቱ ረቡዕ ከሰዓት ወደ ታደለ ዞሯል። ያዞረው ማን ነው ሲባል የፋና ስም ወጣ።

ፋና አላደረግሁም አለች። ፓስወርድሽን ለማን ሰጠሽ ተባለች፤ ለማንም። ምን ነበር ተባለች፤ እያለቀሰች የክርስትና ስሟ መሆኑን ተናገረች። አቶ ገብረአማኑኤል ኮምፒውተር አይዋሽም አሉ፤ ይህችን ቃል ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም፣ ባገኘው የምነግረው ነበረኝ። ታደለ የወይዘሮ ይመኙሻል ጋብቻ ነው፤ ኋላ አግብተው የወለዷት ልጃቸው አርሴማ የታደለን ልጅ ነው ያገባችው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ግን የቢሮው አፍ ምን አለ መሰላችሁ? «ፋና የክርስትና እናቷን ደስ ለማሰኘት አደረገችው፤ እሳቸውማ ምን ያውቃሉ» አለ። ወይዘሮ ይመኙሻል አጠገባችን ቆመው ይህን ሰምተዋል። ራሴን አሞኛል ብለው በጊዜ ወደ ቤት ሄዱ።

ፋና ከሥራ ታገደች። ሰኞ ጠዋት ስብሰባ እንዲደረግና ጉዳይዋ ለፖሊስ እንዲተላለፍ ተወሰነ። ስትወጣ ገብረ ጻድቅ ፊት ቆመችና «ማን ነው እኔን ሆኖ የገባው?» አለችው። 

ከሰዓት በኋላ ክፍሎቹን እንድከፍትለት ጠየቀኝና ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። እንግዲህ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ያደረ አሮጌ ኮምፒውተር ጠዋት አይነሳም ብለን ስለምናምን ማታ አናጠፋቸውም። እውነት ይሁን ውሸት እሱም አያውቅም፤ ልማድ ነው። ያን ሳምንት ደግሞ መብራት አልጠፋም። ይህን ተአምር ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አላልኩም፣ ግን አልከራከራቸውም።

ምን እንደሚፈልግ ስጠይቀው አስረዳኝ፤ አነጋገሩን እንዳለ ላምጣው። ጠዋት ስምሽንና ፓስወርድሽን ስታስገቢ ማሽኑ አንድ መግቢያ ይከፍትልሻል፤ ለመግቢያውም ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ ይለፍ ይቆርጥልሻል። የኮምፒውተር ሰዎች ቶክን ይሉታል፤ እሱ ግን ይለፍ ነው የሚለው። በይለፉ ላይ ማን እንደሆንሽና ምን ምን እንደተፈቀደልሽ ተጽፏል። የምትከፍቺው ፕሮግራም ሁሉ ያንን ይዞ ነው የሚሄደው፤ የመሬቱ መዝገብም ይለፉን አይቶ ነው የሚያስገባው። አሁን አንቺ በራስሽ ስም ገብተሽ እያለ፣ አንዱን ፕሮግራም ብቻ በሌላ ሰው ስም መክፈት ትችያለሽ፤ የዚያን ሰው ስምና ፓስወርድ ካወቅሽ። ያኔ አዲስ ይለፍ ይቆረጣል። ስሙ የዚያ ሰው ነው። መብቱም የዚያ ሰው ነው። መዝገቡ የሚያየው ይህንን ብቻ ነው። ነገር ግን በይለፉ ላይ መነሻ የምትባል አንዲት ጥግ አለች፤ እዚያ የሚጻፈው ይለፉን ያስቆረጠው መግቢያ ቁጥር ነው።

«እንደ የኔታ ጥያቄ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ግን አንዳንድ ጊዜ መነሻው አይታወቅም አለ፤ ይለፉ በኔትወርክ በኩል የመጣ ከሆነ እዚያች ጥግ ላይ ዜሮ ነው የሚቀመጥ። ዜሮ ከሆነ የማውቀው ነገር የለም እላለሁ አለኝ።

በመጨረሻ የወይዘሮ ይመኙሻል ክፍል ቀረ። ኮምፒውተሮቹን ሁሉ በሚከፍተው በኃላፊነት ስሙ ገባ። እሳቸው የከፈቷቸው ፕሮግራሞች ሁሉ እንዳሉ ናቸው፤ ከነዚያ መካከል አንድ ፕሮግራም በፋና ስም ይሠራል። የመሬቱ መዝገብ ነው። ወይዘሮዋ የዘጉት መስሏቸው ዝቅ አድርገውታል እንጂ አልተዘጋም። ገብረ ጻድቅ የይለፉን ዝርዝር ሊከፍት እጁን አንስቶ መለሰው። ካፖርቱን ቆለፈ። ዜሮ እንዲሆን እየተመኘ እንደነበር ፊቱ ላይ አየሁ፤ እኔም ተመኘሁለት።

ዜሮ አልነበረም። ቁጥሩን በጣቱ ተከትሎ አነበበና የእኅቱን መግቢያ ቁጥር አውጥቶ ከጎኑ አስቀመጠው። አንድ ናቸው።

ሌላ ሰው ወንበራቸው ላይ ተቀምጦ ይሆናል አልኩ፤ ለማለት ያህል ነው። የፋናን የክርስትና ስም የሚያውቅ ሰው ነው የተቀመጠው አለኝ።  ደግሞም ይለፉ ፕሮግራሙ እስካለ ብቻ ነው የሚኖር አለ፤ አሁን መብራት ቢጠፋ ይኸ ገጽ ከነመነሻው ይጠፋል። ይህን ብሎ ቀና ብሎ አምፖሉን አየ። እኔም አየሁ። አልጠፋም። ስልኩን አወጣና ገጹን ሁለት ጊዜ ፎቶ አነሳው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኅቱ ቤት አብረሽኝ ሂጂ አለኝ። እኔ ምን አገባኝ ብለው፣ «ብቻዬን ከሄድኩ የወንድምና የእኅት ጠብ ይሆናል፤ ሰው ካለበት ግን ምስክር ያለው ነገር ይሆናል» አለኝ። ሄድኩ።

ወይዘሮ ይመኙሻል በደንብ ተቀበሉን። መሶቡ ቀረበ። እሱ እጁን አልዘረጋም። ሳይበላ አይወራም ሲሉት «ከበላሁ በኋላ መናገር አልችልም እትዬ» አለ። እሳቸውም እጃቸውን ሰበሰቡ።

«የፋና ስም የተነሳው ካንቺ መግቢያ ነው» አላቸው።

አልካዱም። ነጠላቸውን አስተካከሉና መናገር ጀመሩ፤ ለእሱ ሳይሆን ለመሶቡ የሚናገሩ ነበር የሚመስሉት። ታደለ መጥቶ ነበር። አርሴማ እርጉዝ ናት፣ ወሯ ገብቷል። ወይ መሬቱን ወደኔ ታዞሪያለሽ ወይ ልጅሽን ከነሆዷ እመልስልሻለሁ ብሏቸዋል። የገዛ ስማቸውን እንዳይጠቀሙ፣ ጋብቻ መሆናቸውን ሰው ያውቃል። ፋና ልጄ ናት፣ ብትጠየቅም በተግሣጽ ታልፋለች፣ ከዚያ እክሳታለሁ ብለው አሰቡ። ፖሊስ ይመጣል ብለው አላሰቡም።

እኔ እዚህ ላይ መታገሥ አልቻልኩም። ቦሰናስ አልኳቸው፤ መሄጃ የሌላቸው ሴትዮስ? ዓይናቸውን አላነሱም። ያን ያህል ዓመት ያከበርኳቸውን ሰው በዚያች ሰዓት ጠላኋቸው፤ ወዲያው ደግሞ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሲስቡ አይቼ አዘንኩላቸው። ሁለቱም በአንድ ላይ ይሆናል።

ገብረ ጻድቅ ነገ ከኔ በፊት አንቺ ተናገሪ ብሎ ለመናቸው። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ያዩት።

«ለዚህ ነው ያሳደግኩህ?»

 እንባው ወርዶ ካፖርቱ ላይ ሲያርፍ አየሁ፤ አልጠረገውም።

«ለዚህ ነው እትዬ» አላቸው።

ምግቡ እንደቀረበ ተነስተን ወጣን።

ሰኞ ወይዘሮ ይመኙሻል አልመጡም። ወንበራቸው ባዶ ሆኖ ስብሰባው ተጀመረ። ፋና በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ቦሰና ኮሪደሩ ላይ ደብተራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ገብረ ጻድቅ ፎቶውን አሳየና እኔን እንዳስረዳኝ ዝግ ብሎ አስረዳ። አቶ ገብረአማኑኤል ሁለት ጊዜ አስደገሙት። ከዚያ መግቢያው የማን ነው ብለው ጠየቁ። የሥራ መደባቸውን መጥራት ይችል ነበር፤ ወይዘሮ እገሊት ማለት ይችል ነበር።

«የእኅቴ ነው» አለ።

 ፋና ደስ ይላታል ብዬ ነበር፤ ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች። እናቴ ብላ ስትጠራቸው የኖረች ልጅ ናት።

እኩለ ቀን ላይ ወይዘሮ ይመኙሻል ራሳቸው መጡ። የክፍላቸውን ቁልፍ አቶ ገብረአማኑኤል ጠረጴዛ ላይ አኖሩና ወንድሜ ያለው ሁሉ ልክ ነው ብለው ቃላቸውን ሰጡ። ሲወጡ ወንድማቸውን አልፈው ሄዱ፤ አላዩትም።

መሬቱ ለቦሰና ተመለሰ። ደብተራቸውን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው መርቀውን ሄዱ፤ በልጉንም ደረሱበት። ፋና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ታደለና ወይዘሮ ይመኙሻል ፍርድ ቤት ቆሙ፤ እሳቸው ስላመኑ በገደብ ተለቀቁ፣ ሥራቸውን ግን አጡ። ታደለ ያለውን አደረገ፤ አርሴማን ከነሆዷ መለሳት። እናትና ልጅ የደብረ ብርሃኑን ቤት ለቀው አንኮበር ወደ ወይዘሮዋ ሟች አባት ቤት ገቡ። ሕፃኗ እዚያ ተወለደች።

ፋና ስትመለስ መጀመሪያ ያደረገችው ፓስወርዷን ለመቀየር ገብረ ጻድቅ ዘንድ መሄድ ነበር። ምን ላድርገው አለችው። የሚወድሽ ሰው እንኳ የማያውቀውን ነገር አድርጊ አላት።

«የሚወደኝ ሰው የማያውቀው ምን አለኝ?» አለችው።

  ፋና አንኮበር እስካሁን አልሄደችም፤ ሂጂ የሚሏት ሰዎች አሉ፣ እኔ ግን ሂጂ ብያት አላውቅም።

ገብረ ጻድቅ ግን ይሄዳል። ወር በገባ ቁጥር ስኳርና ሳሙና ይዞ በሚኒባስ ይወርዳል። እትዬ ምግብ ያቀርባሉ፤ እሱም ይበላል። አያነጋግሩትም። የሚያስፈልጋቸውን ለአርሴማ ይነግራሉ፣ አርሴማ ለእሱ ትነግረዋለች፤ ሁሉም በአንዲት ክፍል ተቀምጠው። ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ለምን ትሄዳለህ፣ ማስቀየም ነው ብዬ ተቆጥቼው አውቃለሁ። ሲያሳድጉኝ እኮ እኔም ብዙ አልናገርም ነበር አለኝ።

ባለፈው ጥቅምት አብሬው ሄድኩ። ሕፃኗ መሄድ ጀምራለች። ደጁ ላይ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ አርሴማ ለእናቷ የገዛችውን አዲስ ስልክ አመጣች። ሕፃኗ እየነካካች ስላስቸገረች ፓስወርድ ያስፈልገዋል፤ እማዬ እሱው ያስገባልኝ፣ እሱ ቢያውቀው ግድ የለም ብላለች አለችው። ወይዘሮ ይመኙሻል ስልኩን ከልጃቸው እጅ ወሰዱና ራሳቸው ወደ እሱ ዘረጉት። ዓይናቸው ግን ሌላ ቦታ ነበር።

ተቀብሎ ጥቂት ነካካውና ቃል የሚገባበትን ቦታ ከፍቶ መልሶ እጃቸው ላይ አኖረው። «አንቺ አስገቢ እትዬ፤ እኔም ማወቅ የለብኝም» አላቸው። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ገደሉ ዞሮ ቆመ። እኔም ዞርኩ።

ከታች ቆላው በጭጋግ ተሸፍኗል። ከኋላችን የስልኩ ድምፅ አንዴ ጢቅ ይላል፣ ይቆያል፣ ደግሞ ጢቅ ይላል። ተሳስተው ሲያጠፉትና ከመጀመሪያው ሲጀምሩ ይሰማናል። ንፋሱ ካፖርቱን እያራገበው ገብረ ጻድቅ ንቅንቅ አላለም። ሕፃኗ መጥታ እግሩን ይዛ ቆመች። ብዙ ቆየን።

«ጨርሻለሁ» አሉት ወይዘሮ ይመኙሻል። «አሁን ዙር፣ ልጄ።»

ዞረ።